በአንድ ጎኑ የጠቆረው ብርጭቆ

ባለፈው ቅዳሜ፣ በረዶው ቀልጦ አልቆ ሣሩ ገና ቀና ማለት ሲጀምር፣ እዚህ አፕል ቫሊ ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ጎረቤት ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ዘርግቶ ሊሸጥ ጋራዥ ሴል አወጣ። ጋራዥ ሴል እወዳለሁ። የሰው ጓዳ ሣር ላይ ተዘርግቶ ማየት የሚያስደስተኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ክረምቱን ሙሉ ሰላም ተባብለን የማናውቅ ሰዎች በዚያ ቀን አሮጌ መጥበሻ ይዘን እንሳሳቃለን። የልጅ ልጄን ሊያን አስከትዬ ሄድኩ። ከበረዶ መንሸራተቻና ከገና መብራት ክምር መሃል አንድ የፋኖስ ብርጭቆ አገኘሁ። ፋኖሱ የለም፤ ብርጭቆው ብቻ ነው። ወገቡ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ከላይም ከታችም ክፍት። እጄን ሰደድኩበት። አንጓዬ ጋ ሲደርስ እምቢ አለ። በልጅነቴ እስከ ክርኔ ይገባልኝ ነበር።

“አባባ፣ ዋት ኢዝ ዛት? የአበባ ማስቀመጫ ነው?” አለች ሊያ።

“አይደለም። ይሄ ምስክር ነው” አልኳት። “ዱሮ እንዲህ ያለ ብርጭቆ በአንድ የግድያ ነገር መስክሮ አይቻለሁ።”

ሊያ ሳህን ስታጥብ እንኳ ስለ ግድያ የሚያወራ ነገር ጆሮዋ ላይ ሰክታ ነው። ግድያ ስላት ሁለቱንም ማዳመጫዎች ከጆሮዋ አወጣቻቸው። እንዲህ ስታደርግልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ጎረቤቱ ብርጭቆውን በጋዜጣ ጠቅልሎ “ውሰደው፣ ያንተ ነው” አለኝና ታሪኩን እያወራሁላት ወደ ቤት ተመለስን። ለእናንተም ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሱዳን ካምፕ መጥቼ ሴዳር ሪቨርሳይድ ከሚገኙት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። ሳምንቱን አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት መንገድ ተሻግሬ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ እማራለሁ። እማራለሁ ስላችሁ እቀመጣለሁ ማለቴ ነው። አገር ቤት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ደግሞ በአማርኛም አይሆንልኝ። ሦስት ወር ሙሉ ከ“ጉድ ሞርኒንግ” ሌላ ከአፌ አልወጣም።

አስተማሪያችን ሚስስ ኤለን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሹራብ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። የሚያስተምሩን በነፃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ድስት ሾርባ ይዘውልን ይመጣሉ። ሾርባው በዱር ሩዝ የተሠራ ነው፤ እዚህ ሚኒሶታ ሐይቅ ላይ የሚበቅል ጥቁር ቀጭን እህል። መጀመሪያ ቀን ጋሽ በየነ “ሴትዮዋ እህል አይለቅሙም እንዴ? ይሄ እንክርዳድ ነው” ብለው አንድ በአንድ ከሳህናቸው ጠርዝ ላይ ደርድረውት ነበር። በኋላ ግን ከሁላችንም በላይ የሚደግሙት እሳቸው ሆኑ።

ጋሽ በየነ ሃምሳውን የተሻገሩ የሰላሌ ሰው ናቸው። ከሌሎቹ ተማሪዎች ልንገራችሁ የሚገባኝ አንዲት ብቻ ናት፤ ጫልቱ። ከነቀምት የመጣች፣ ከሁላችን የተሻለ እንግሊዝኛ የምታውቅ፣ ምላሷም የተሳለ። ሚስስ ኤለን የሚሉትን በአማርኛ የምትመልስልን እሷ ነበረች። ያኔ ገና ባለቤቴ አልነበረችም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ መስኮቱ። የምድር ቤቱ ማሞቂያ እንደ ዳቦ ምድጃ ነበር የሚግለው። ሚስስ ኤለን ትምህርት ሲጀምሩ መስኮቱን ገርበብ ያደርጉታል። ትንሽ ቆይተው ዞር ሲሉ ተዘግቶ ያገኙታል። “መስኮቴን ማን ዘጋው?” ይላሉ እየሳቁ። ሁላችንም ጣራ እናያለን። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አለፈ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ሚስስ ኤለን መጽሐፉን ትተው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን በሚገዙበት ዘመን፣ ለንደን ውስጥ የተነሣ የአንድ ክፍል ፎቶ ነው። የተገለበጠ ወንበር አለ። መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ፋኖስና የውሃ ብርጭቆ። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ የተነሣ ፎቶ ስለሆነ ሰው የለበትም። የቤቱ እመቤት እዚያ ክፍል ውስጥ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ተገኙ፤ ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

“እያንዳንዳችሁ ፎቶውን አይታችሁ ምን እንደተፈጠረ ትነግሩኛላችሁ” አሉ። “ስለ ግድያ ሲሆን ሰው ቋንቋ አይጠፋውም።”

“ቲቸር፣ ለመሆኑ የዚያን ጊዜ ሙት እርስዎን ምን አገባዎት?” አለች ጫልቱ።

ሚስስ ኤለን መነጽራቸውን አወለቁ። “የተጠረጠረችው የቤት ሠራተኛ አያቴ ናት” አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩን። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ለምድጃው ከሰል ይዛ ስትገባ እመቤቷን ወድቀው አገኘቻቸው፤ እየጮኸች ሮጣ ወጣች። ፖሊስ ሲመጣ የደጁ በር ከውስጥ ተቆልፎ እንዳደረ ተነገረው። መስኮቱም ከውስጥ ተቀርቅሯል። እንግዲህ ከውጭ የገባ ከሌለ ገዳዩ ከቤት ነው፤ ቤት ውስጥ ያለችው ደግሞ እሷ ብቻ። ለወራት አሰሯት። ማስረጃ ሲጠፋ ለቀቋት፤ ስሟን ግን የለቀቀላት የለም። ባሕር ተሻግራ እዚህ ሴንት ፖል መጥታ አግብታ ወለደች፤ ወሬውም ተከትሏት መጣ። “ምንም አልነካሁም፣ ያየሁትን አይቼ ወጣሁ” እያለች እስክትሞት ስትምል ኖረች።

“እናቴ አላመነቻትም” አሉ ሚስስ ኤለን። “ፎቶዋን እንኳ መሳቢያ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። እኔ ግን ልጅ ሆኜ እቅፏ ውስጥ አድጌያለሁ። ዋሽታ እንደሆነ፣ ሳትዋሽ እንደሆነ፣ ሳልሞት ማወቅ እፈልጋለሁ።”

ክፍሉ ጭጭ አለ። ሚስስ ኤለን ቋንቋ ያጠረን መስሏቸው “ትንሽም ቢሆን ሞክሩ” እያሉ ይለምናሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ጋሽ በየነ ወደ እኛ ጎንበስ ብለው “አፋችሁን ዝጉ። አውጫጭ ተቀመጡብን” አሉ።

አውጫጭ ለማታውቁ፣ በእኛ አገር ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ገዳዩ ወይ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ቀንም ይፍጅ ሳምንት። የቀረ ይቀጣል። የተናገረ ምስክር ይሆናል፤ ምስክር የሆነ ደግሞ ጠላት ያፈራል። ጋሽ በየነ በወጣትነታቸው አንዲት ላም ጠፍታ አሥራ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ውለዋል። እኛም ገና ወረቀታችን ያላለቀ ስደተኞች ነን፤ የለንደን ነፍስ ፋይላችን ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ ማን ያውቃል? ያን ቀን አንድም ሰው ሳይናገር ተበተንን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ በየነ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ ትልቅ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡ።

“ጋሽ በየነ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?” አለች ጫልቱ።

“ስንቅ ነዋ! በሶ ነው። ገብሱን ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ራሴ ቆላሁት። ገዳዩ ሳይታወቅ ማን ሊለቀን ነው?”

“ባለፈው ሳምንት ለቀቁን እኮ!”

“ባለፈው ማስጠንቀቂያ ነው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ መንግሥት አታውቂም።”

“ያ ረቢ!” ብላ ጫልቱ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ እስክትረጋጋ ድረስ መተርጎም አልቻለችም። ሚስስ ኤለን ሲገባቸው እንደ ልጅ ሳቁ። ቀጥለው ግን ወደ ጫልቱ ዞረው “ለአቶ በየነ ንገሪያቸው” አሏት። “የእኛ ቤተሰብ እዚህ አውጫጭ ላይ ከተቀመጠ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ሂዱ ያለን የለም።”

ጋሽ በየነ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ብድግ ብለው በሶ በውሃ በጠበጡና ለሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ሰጡ። ሚስስ ኤለን ጠጡ፤ ጨርሰውም ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃታችን ቀለለ፤ ፎቶውም ከማጉያ መነጽር ጋር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ወንበሩን አየ፣ አንዱ ምንጣፉን። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ፋኖሱ ላይ ነው። ብርጭቆው በአንድ ጎኑ ጠቁሯል። ከመስኮቱ በራቀው ጎኑ።

እኔ ያደግኩት ደብረ ሲና፣ አክስቴ ምግብ ቤት ነው፤ ከባድ መኪና ነጂዎች ጭጋግ ሲይዛቸው ገብተው ሽሮ የሚበሉበት ቤት። ዘጠኝ ፋኖስ ነበረን፤ ዘጠኙንም ብርጭቆ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአመድና በጋዜጣ የማጥበው እኔ ነኝ። እጄ ቀጭን ስለነበር ነው ሥራው የደረሰኝ። የደብረ ሲናን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስኮት ክፍት ከተረሳ ነበልባሉ ይጋደማል፤ ሲጋደም ብርጭቆውን ይልሰዋል፤ በማግስቱ ነፋሱ በመጣበት ጎን ጥርት ያለ፣ በሌላው ጎን እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ብርጭቆ ይጠብቀኛል። አክስቴ “ማን ነው ትናንት መስኮት የከፈተው?” የምትለው ያን አይታ ነው። ብርጭቆ አይዋሽም ነበር፣ በእኛ ቤት።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። “ላምፕ” አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። “ዊንድ” አልኩ። ከዚያ እንግሊዝኛው አለቀ፤ አማርኛው ግን እንደ ወንዝ መጣ። ጫልቱ እየተከተለችኝ ተረጎመች።

“ያ እኮ ጥላ ነው” አሉ ሚስስ ኤለን። “ሁሉም ሰው ጥላ ነው ያለው።”

“አጠገቡ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ይዩት” አልኩ። “ያው መስኮት ነው የሚያበራለት። ለምን እሱ አልጠቆረም? ይሄ ጥላሸት ነው።”

ማጉያውን ነጥቀውኝ አዩ፤ ደግመው አዩ። ከቦርሳቸው የልጅቷን የፖሊስ ቃል ግልባጭ አወጡ። “ከሰዓት በኋላ ፋኖሶቹን አጥቤ ዘይት ሞላሁ” ይላል። እንግዲህ ጥላሸቱ የዚያው ምሽት ነው፤ ያን ምሽት ፋኖሱ ሲነድ መስኮቱ ክፍት ነበር። ሚስስ ኤለን ከመቀመጫቸው ዘለሉ። “ሰው ከውጭ ሊገባ ይችል ነበር! በመስኮት ገብቶ በመስኮት ሊወጣ!” ጋሽ በየነ “ጎሽ የኔ አንበሳ” ብለው ጀርባዬን መቱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ኩራቴ ግን ሾርባው እስኪበርድ እንኳ አልቆየም። ሚስስ ኤለን ቀስ ብለው ተቀመጡ። “ታዲያ ማን ዘጋው?” አሉ። “ፖሊስ ሲመጣ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። በመስኮት የወጣ ሰው ከውስጥ አይቀረቅርም። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ምንም አልነካሁም ብላ ደግሞ ምላለች።” ፎቶውን ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። “ዋሽታለች ማለት ነው። እናቴ ልክ ነበረች።”

ከጫልቱ ጋር ወደ ፎቆቹ ስንመለስ የሚሲሲፒ ወንዝ በረዶ ሆኖ ጠጥሮ እንደ መንገድ ነጭ ሆኗል፤ ጫማችን ሥር በረዶው ይንቋቋል።

“አንተ ግርማ” አለችኝ፣ “ሦስት ወር ዝም ትልና፣ በተናገርክባት ቀን ሴትዮዋን ታስለቅሳለህ?”

“ያየሁትን ነው የተናገርኩት።”

“ያየኸውን ሁሉ ተናገር ያለህ ማን ነው?” አለች። ከዚያ ጥቂት ተራመድንና “ግን ጎበዝ ነህ” አለች፣ እየተቆጣች።

ያን ሳምንት ሁለት ሳህን ሰበርኩ። ብርጭቆው እውነቱን እንደተናገረ አውቃለሁ። ሚስስ ኤለንን እቅፏ ውስጥ ያሳደገቻቸው ሴት ውሸታም ናት ብሎ ማመን ግን ልቤ እምቢ አለ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሚስስ ኤለን ያለ ሾርባ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል። ፎቶውን አላወጡም፤ መጽሐፍ ግለጡ አሉን። ማሞቂያው እንደ ልማዱ ይነድዳል፤ መስኮቱን ከፈቱ። ጋሽ በየነ አውቶቡስ አምልጧቸው አርፍደው ደረሱ። ኮፍያቸው ላይ በረዶ አለ፤ ጋቢያቸውን ካፖርት ላይ ደርበውታል። በሩን ገፍተው ገቡ። ማንንም ሳያዩ፣ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ዘጉ፤ መቀርቀሪያውን ጠመዘዙ፤ ዞረው ተቀመጡና እጃቸውን እያፋተጉ “ጉድ ሞርኒንግ” አሉ።

እኔ ንብ እንደነደፈው ሰው ተነሣሁ።

“ጋሽ በየነ፣ መስኮቱን ለምን ዘጉት?”

“የቱን መስኮት?”

“ያንን! አሁን የዘጉትን!”

“እኔ? እኔ መስኮት አልነካሁም።”

“አሁን፣ ዓይናችን እያየ!” አለች ጫልቱ።

“ቅዱስ ሚካኤልን! እጄን አላነሣሁም። ከበር መጥቼ መቀመጤ ነው!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በየነ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ቀላ። “በሃምሳ ዓመቴ ውሸታም ልባል?” ብለው የበሶ ቦርሳቸውን አንሥተው ሊወጡ ተነሡ። ክንዳቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። እውነት እያሉ ነበር። ዓይናቸው ውስጥ አየሁት፤ አንድ ቅንጣት ውሸት የለበትም።

“አልዋሹም!” አልኩ። ያለችኝን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰብስቤ ወደ ሚስስ ኤለን ዞርኩ። “ኮልድ” አልኩ፣ ወደ መስኮቱ እያሳየሁ። “ሃንድ” አልኩ፣ እጄን አንሥቼ። ቀሪውን ጫልቱ አፌን እያየች ጨረሰችልኝ። “ጋሽ በየነን ብርድ ሲመታቸው እጃቸው ዘጋ ይልዎታል። እሳቸው አያውቁም። አያትዎም በዚያ ጠዋት ከሰል ይዛ ብርድ የገባበት ክፍል ገባች፤ መሬቱን ሳታይ መስኮቱን ዘጋች፤ ከዚያ ዞር ስትል ያየችውን አየች። ያንን ካየች በኋላ መስኮት ማን ያስታውሳል? አልነካሁም ስትል አልዋሸችም።”

ሚስስ ኤለን አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎን ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። እንባቸው ግን ይወርዳል።

“በሐምሌ!” አሉ፤ እዚህ አገር ሐምሌ ሐሩር ነው። “በሐምሌ ሙቀት፣ አያቴ ወጥ ቤታችን ስትገባ፣ ኮፍያዋን ሳታወልቅ መስኮቱን ትዘጋ ነበር! እናቴ ‘እማማ፣ በሙቀት ልትገድይን ነው?’ ስትላት፣ ‘እኔ ምን አደረግኩ?’ ትላለች። ሁልጊዜ! ሁልጊዜ ‘እኔ ምን አደረግኩ?’”

ለጋሽ በየነ ይህ ሲተረጎምላቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የልጅቷ ነገር ከራሳቸው ነገር ጋር አንድ መሆኑ ገባቸው። ጥቂት አሰቡና ጋቢያቸውን እንደ አገር ሽማግሌ አስተካክለው ቆሙ።

“ገዳዩን እግዚአብሔር ያውቀዋል” አሉ። “እኛ አላገኘነውም። ልጅቷ ግን ንጹሕ ናት። መቶ ዓመት ሜዳ ላይ ውላለች፤ ይበቃታል፤ ወደ ቤቷ ትሂድ። አውጫጩ ተበትኗል!” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እኔም መስኮቱን ዘግቼው ይሆናል” አሉ።

ሾርባ ስላልነበረ የጋሽ በየነን በሶ ተካፍለን ጠጣን። በፋሲካ ሰሞን ሚስስ ኤለን ቤታቸው ሲጠሩን፣ የአያታቸው ፎቶ ከመሳቢያ ወጥቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ከበላዩም መብራት አለው። እኔም ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ አላውቅም። አንዳንዴ ጫልቱ “ባልተረጎምኩልህ ኖሮ ይሻለኝ ነበር” ትላለች። ሠርጋችን ላይ ሚስስ ኤለን ያን ትልቅ ድስት በፎጣ ጠቅልለው መጡ፤ የጫልቱ አጎት ጥቁሩን እህል አይቶ እንክርዳድ ነው ሲል፣ ጋሽ በየነ በቁጣ “ብላ፣ አገርህ ነው!” አሉት። ዛሬ ሚስስ ኤለንም ጋሽ በየነም የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ታሪኩን ስጨርስ ሊያ “ሶ፣ ገዳዩ ማን ነው?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ቅር አላት። ወጣት ናት፤ ገዳይ መያዝ ይመስላታል ትልቁ ነገር። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እውነት ተናግራ፣ እውነቷ የተገኘላት ባሕር ማዶ፣ ደብረ ሲና ፋኖስ ባጠበ እጅና ብርድ በሚፈራ የሰላሌ ሰው ነው።

ብርጭቆውን አጥቤ የወጥ ቤቱ መስኮት ጫፍ ላይ አቆምኩት። ሊያ የጸደይ አየር ይግባ ብላ መስኮቱን ከፍታው ነበር። ወጥቼ ለወፎቹ ጥሬ በትኜ ተመለስኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ከጓዳ መጣች።

“ግርማ፣ ልጅቷ የከፈተችውን መስኮት ለምን ትዘጋለህ?”

“እኔ? እኔ መስኮት አልነካሁም” አልኩ።

“አባባ! አይ ሶው ዩ!” ብላ ሊያ ጮኸች፤ ሳቋ ወንበር ላይ ጣላት።

ጫልቱ ወገቧን ይዛ አየችኝ። “እንግዲያው በሶ ልበጥብጥልህ” አለች። “ዛሬ ማንም አይሄድም።”

ልምል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጄን አየሁት። የመቀርቀሪያው ብረት ያቀዘቀዘው ጣቴ ገና አልሞቀም ነበር።